ከቧንቧው ጋር የታሰረው ሽቦ

አንድ ጉዴን ልንገራችሁ፤ ግን እዚሁ በእኛ መካከል ይቅር። የካውያዬ ሶኬት ሦስት እግር ነበረው፣ የቤቴ ግድግዳ ደግሞ ቀዳዳው ሁለት ብቻ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ሦስተኛውን እግር በፒንሳ ገንጥዬ ጣልኩት። ለጌጥ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። ለስንት ዓመት በዚያ ካውያ ቀሚሴን ስተኩስ፣ አልፎ አልፎ ጣቴን ነከስ አድርጎ ሲለቀኝ፣ «ዛሬ ደግሞ በምን ተቆጣ?» እያልኩ ስስቅ ኖሬአለሁ። የሰው ቤት ወሬ ከእነ ጓዳው የማውቀው ሴትዮ የገዛ ካውያዬን አላውቀውም!

ያንን የተገነጠለ እግር ያስታወሰኝ ያቤፅ የሚባል የመጽሔታችን አንባቢ ነው። ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ፣ የድምፅ መሣሪያ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እሪ በከንቱ ከሚኖሩት አክስቱ ከወይዘሮ የሺ ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ላከልኝና «አንብቢው፤ ከዚያ እባክሽ ሂጂልኝ። አውጥተሽም ጻፊው፣ ሌላ ቤት እንዳይደገም» አለኝ።

የእማማ የሺ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ዘገዬ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካሴት የሚቀዱበት ሱቅ ነበራቸው። የዚያን ዘመን የፒያሳ ሰርግ በእሳቸው ማይክ ያላለፈ የለም ይባላል። ሲሞቱ ካሴት ማጫወቻ ያለው አንድ ከባድ የብረት አምፕሊፋየር፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮችና የገዛ ድምፃቸው ያለበት አንድ ካሴት ትተው ሄዱ። እማማ የሺ ጆሯቸው ደክሟል። ስልክ ሲደወልላቸው «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ብለው ይዘጋሉ እንጂ ከተባለው አንዱም አይገባቸውም። ስለዚህ በወረቀት ይጽፋሉ። ጎረቤታቸው ፈቲያ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የእሳቸውን ጽሑፍ በስልኳ አንስታ ትልካለች፣ የእሱን መልስ አትማ ታመጣላቸዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። ልጁ ጴንጤ ነው፣ አክስትየው ተዋሕዶ። በኋላ ይፈለጋል።

*

እሪ በከንቱ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልህ ለእህቴ ልጅ ለያቤፅ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እመ ብርሃን ከክፉ ሁሉ ትከልልህ፤ የሰው አገር ብርድ አይምታህ።

የምጽፍልህ በዘገዬ ዕቃ ነገር ነው። ስከፍተው ከድምፁ በፊት ንብ ይገባበታል። እኔማ የት ሰምቼው! ጎረቤቴ አሰፋች ናት በግድግዳው በኩል ሰምታ መጥታ የምትነግረኝ። «እትዬ የሺ፣ ቀፎ ሰቀሉ እንዴ?» ትለኛለች፤ አፏን ታውቀው የለ። እኔ የምሰማው በእጄ ነው። መዳፌን የብረት ሳጥኑ ላይ አሳርፌ ዓይኔን ስጨፍን ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ይታወቀኛል። ዘገዬ ጉሮሮውን የሚጠርግበትን፣ ቀጥሎ የሚስቅበትን፣ መዳፌ ለይቶታል። የዕድራችን በዓል ላይ የተናገረው ነው፤ ታስታውሰው የለ?

ገመዱ ያው ጨርቅ የለበሰው የድሮው ነው። ሲነኩት ይሞቃል፣ አንድ ቦታ ላይም አይጥ ቀምሶታል። ፒያሳ ወጥቼ ተስፋልደት የሚባል ባለሱቅ ሦስት ዓይነት ዘረጋልኝ። አንደኛው ቀጭን፤ «ይሄ እንኳ ለሞባይል ነው፣ ይተዉት» አለኝ። ሁለተኛው ወፍራም ጥቁር። ሦስተኛው እንደ ሙሽራ ሐብል የተገመደ፣ ራሱ ወርቅ የተቀባ። «ይሄን ከሰኩማ እማማ፣ ጋሼ አጠገብዎ መጥተው ቁጭ ይላሉ» አይለኝም? አፈ ጮሌ! ዋጋውን ሲጠራው ቁጭ ያልኩትስ እኔ ነኝ። ሥራህ ነውና የትኛውን ልግዛ?

ጥር 30 ቀን ሰባት ዓመቱ ነው። ካህናቱም፣ ዕድርተኛውም፣ ሰንበቴውም ይመጣል። ከጸሎቱ በኋላ፣ ሰው ቀምሶ ሲጨርስ፣ ድምፁን አሰማቸዋለሁ ብዬ አስቤአለሁ። አንተስ ምን ትላለህ?

አክስትህ የሺ

*

ሽቱትጋርት፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ የሺ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገና አልጀመረም።

በወርቁ አይታለሉ። እዚህ እኛ ሱቅ ውስጥ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ የሚያወጣ ገመድ ተሰቅሏል። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጥና «አሁን ገና መጋረጃው ተገለጠ!» ይላል። አንድ ቀን ጀርባውን ሲያዞር ተራውን ሰካሁለት፤ ያንኑ አለ። ገመድ ድምፅ አይፈጥርም፣ አክስቴ። የሚመረጠው ቤት እንዳያቃጥልና ሰው እንዳይጎዳ ነው። ውስጡ መዳብ ይሁን፣ ይወፍር፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይርዘም። ከሁሉ በላይ ግን ሦስት እግር ይኑረው።

ሦስተኛው እግር የምድር ነው። ሳጥኑ ውስጥ አርጅቶ የሚሾልክ መብራት ቢኖር በሰው ገላ ሳይሆን በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የንቡን ድምፅም የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አደራዎን፣ ማንም እንዳይቆርጠው። የግድ ወደ መሬት መውረድ አለበት።

ከተስፋልደት አይግዙ። እኔው ጥሩውን ገዝቻለሁ፤ እዚህ የምትኖረው የሰፈራችን ልጅ ምብራት በጥቅምት ስለምትመጣ በእጇ ይደርስዎታል።

ልጅዎ ያቤፅ

*

አያችሁት? የገመዱን ነገር እንዲህ አብጠርጥሮ የጻፈ ልጅ ስለ ሰባት ዓመቱ አንዲት ቃል አልወጣችውም።

*

እሪ በከንቱ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለያቤፅ፤

እንደምን ከርመሃል? ኅዳር ሚካኤል ይጠብቅህ። ገመዱ ደረሰኝ። ምብራት ጠቁራ መጣች ይሏታል፤ እኔስ አምሮባታል እላለሁ።

የሰፈሩን መብራት የሚሠራልን ጥበብ የሚባለው ልጅ መጥቶ አስገባልኝ። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ሳጥኑ ላይ በየዳ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቀዳዳው ሁለት ብቻ ሆነበት። «እማማ፣ የምድሩን እግር ልቁረጠው እንዴ?» ሲለኝ «እጅህ ይቆረጥ!» አልኩት። አደራ ብለሃላ! ወረቀትህን አውጥቼ አነበብኩለት፤ የግድ ወደ መሬት መውረድ አለበት ይላል። ራሱን አከከና «ግቢው ውስጥ ከመሬት የበቀለ ብረት ምን አለ?» አለ። እኔ ነኝ «ቧንቧው!» ያልኩት። ከቧንቧ የበለጠ ከመሬት የወጣ ምን ይኖራል? ሁለቱን እግሮች በአዳፕተር ግድግዳው ላይ ሰካ፤ ከሦስተኛው እግር ግን ሽቦ ቀጥሎ በመስኮት አወጣና ቧንቧው አንገት ላይ ጠምጥሞ አሰረው።

ንቡ ድራሹ ጠፋ! አሰፋች ራሷ ከግድግዳው ማዶ ሮጣ መጥታ «እትዬ የሺ፣ ጋሽ ዘገዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ!» ብላ ጆሮዬ ሥር ጮኸች። እኔም መዳፌን አሳርፌ ሰማሁት። ጠርቶ ሰማሁት። እጅህ ይባረክ ልጄ፣ ያሰብከው ይሙላልህ።

ስለ ሰባት ዓመቱ ግን ምንም አላልክ። ጀርባው ላይ ጽፈኸው ይሆናል ብዬ ወረቀትህን ገለባብጬ አየሁት። ገንዘብ አልጠይቅህም። አንድ ጧፍ በስምህ እንዳበራ ፍቀድልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

አክስትህ የሺ

*

ሽቱትጋርት፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

የጌታ ጸጋ ከእርስዎ ጋር ይሁን። የጋሼ ድምፅ ጠርቶ መሰማቱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሰሞኑን ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ነው የምጽፈው።

የቧንቧው ነገር፤ የብረት ቧንቧ ከሆነና በመሬት ውስጥ ሩቅ ድረስ ከሄደ ለጊዜው ይይዛል። የሰው እጅ የሚነካው ነገር ላይ መታሰሩን ግን አልወደድኩትም። አመቺ ሲሆን ጥበብ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ይቅበርና ሽቦውን ወደዚያ ያዛውረው።

ስለ ጧፉ፣ በእኛ በኩል እንደማናደርገው ያውቃሉ። ግን ሁሌም እወድዎታለሁ።

ልጅዎ ያቤፅ

*

«አመቺ ሲሆን» አለ። ይህችን ቃል ስንቴ እየደጋገመ እንደሚያነባት ለእኔ በጻፈው ላይ ነግሮኛል። ደግሞም ደብዳቤዋ ቶሎ አልደረሰችም። ፈቲያ የነበረችበት ሕንፃ ፈርሶ ሱቋን ከከተማው ዳር ወስዳ ነበር። ወደ ሰፈሯ የምትመለሰው ዘመድ ለመጠየቅ ስትመጣ ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ ስትመጣም አትማ መያዙን ረስታው ነበርና የያቤፅ ወረቀት ስልኳ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀ።

*

እሪ በከንቱ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለያቤፅ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ካንተ ወረቀት ካየሁ ቆየሁ። ፈቲያ ሱቋ ተነሥቶባት ርቃለች፤ ዛሬ ብቅ ስትል ይዛልኝ ትሂድ ብዬ ነው። ለመጪው ገና እንኳን አደረሰህ።

ምሥራች ልንገርህ፣ ውሃችን ተስተካከለ! መንገዱን የሚቆፍሩት ሰዎች የድሮውን ዝገታም ብረት ከመሬት መዝዘው አውጥተው ጥቁር ፕላስቲክ ቀበሩልን። ከድሮው የቀረ ነገር ቢኖር ከላይ የቆመው አንገቱ ብቻ ነው። እንደ ወንዝ ይወርዳል።

ታዲያ ቧንቧው ጠባይ አወጣ ብልህ ታምነኛለህ? አሰፋች ባልዲ ስታስጠጋ «ነከሰኝ!» ብላ ጮኸች። እኛ ደግሞ «አንቺንም የሚነክስ ተገኘ?» ብለን ሳቅንባት። ሻንቆን ታውቀዋለህ፣ ውሻችንን። ቧንቧው ሥር ካቆረው ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አያልፍም። አጥር አጥሩን እየታከከ ነው የሚሄደው። አንዱ መተት ተቀብሮበታል ይላል። አሰፋች ጸበል አምጥታ ብትረጨው፣ እጇ ረጥቦ ኖሮ ይብሱን መነጨቃት። የሚነክሰው እትዬ የሺ ካሴት ሲከፍቱ ነው ብለው ደግሞ ያሙኛል። ቅናት ነው እንጂ!

ሳጥኑም በርትቷል። በፊት መዳፌን ነበር፤ አሁን እስከ ክርኔ ይይዘኛል። ዘገዬ ቀኑ ሲደርስ ጉልበት አገኘ እላለሁ።

ድግሱን ልንገርህ። ጠላው ሊጠነሰስ ነው። የዕድር ሴቶች በሙሉ ይመጣሉ። ቧንቧው ሥር ገንዳዎቹን ደርድረን ዕቃው እዚያው ሲታጠብ ይውላል። እነሱ እያጠቡ ዘገዬ ሲናገር ይሰሙታል፤ መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ።

ጧፉንስ ምን አልክ?

አክስትህ የሺ

*

ሽቱትጋርት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ይህ ወረቀት እንደደረሰዎት፣ ጨርሰው ሳያነቡት፣ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉ። ከዚያ ተመልሰው ያንብቡ።

ነቀሉት?

ሳጥኑ ውስጥ ያረጀ ነገር ተበላሽቶ መብራት ወደ ብረቱ ይሾልካል። ድሮ ቧንቧው እስከ ታች ብረት ስለነበር የሾለከው ወደ መሬት እየወረደ ይጠፋ ነበር። ፕላስቲክ መብራት አያሳልፍም። አሁን የሚወርድበት የለውም። ቧንቧው አንገት ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። አሰፋችን የነከሳት መተት አይደለም። ሻንቆን ያስጮኸው እኔ የላክሁት ገመድ ነው። እርስዎንም ክርንዎን የሚይዝዎ ጋሼ አይደለም፣ አክስቴ፤ መብራት ነው። በየጊዜውም እየባሰ ይሄዳል።

በሰባት ዓመቱ ቀን ያንን ዕቃ እንዳይከፍቱት። እባክዎን፣ በዚያ ቀን ካሴቱ ይቅር። እርጥብ እጅ ያላቸው ሴቶች ሁሉ ቧንቧው ዙሪያ ናቸው። አንዷ ብረቱን ይዛ እጇን መመለስ ቢያቅታት ማን ይደርስላታል?

ደወልኩልዎ። «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ብለው ዘጉት።

ያቤፅ

*

እሪ በከንቱ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ያቤፅ፤

ሁለቱን ወረቀቶችህን ፈቲያ ዛሬ አንድ ላይ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን።

ሰላምታ ነስተህ መጻፍ ከጀመርክ እኔም አላበዛም። መስከረም ላይ ስለ ሰባት ዓመቱ ጠየቅኩህ፣ ዝም አልከኝ። ኅዳር ላይ ጠየቅኩህ፣ አሁንም ዝም። ጧፍ ብልህ «በእኛ በኩል» አልከኝ። እኛና እናንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ወገን የለየነው? አሁን ደግሞ ቀኑ ሲደርስ «በሰባት ዓመቱ ቀን እንዳይከፍቱት» ትላለህ። ሌላ ቀን አይደለም፣ በዚያ ቀን! አላውቅም መሰለህ? ተዝካር እንደማትወዱ አውቃለሁ። እህቴን፣ የገዛ እናትህን፣ ያለ ተዝካር ያለ ፍትሐት ቀብራችሁ፣ እኔ ደጅ ቆሜ አልቅሼ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ ልጇ ነህና። ለዘገዬ ግን ዝም አልልም።

አንተው መርጠህ፣ አንተው ገዝተህ፣ «አደራ፣ ወደ መሬት ይውረድ» ብለህ የላክኸው ገመድ ዛሬ ገዳይ ሆነ? እንደዚያ ያለ ቀልድ አልወድም። ድምፁን አሰማለሁ፤ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው የማሰማው።

የሺ

*

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያቤፅ በአንድ ገጽ ጽፎልኛል። ለጥበብ ቢደውል «መብራት ሲመጣ በቴስተር አየዋለሁ» አለው። የአሰፋች ስልክ ዝግ ነው። «የምጽፈው ሁሉ ስብከት ይመስላቸዋል። እንዲያምኑኝ የምችለው ጧፍ አብሪልኝ ካልኩ ነው፤ እሱን ደግሞ ለማታለል ልለው አልቻልኩም። አንቺ ሂጂልኝ» ይላል።

ሄድኩ። ትናንት፣ ጥር 29 ቀን፣ ከአምስት ኪሎ ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ። በሩን ስገፋ መጀመሪያ ያየሁት ሻንቆን ነው፤ ጎኑን ከአጥሩ ጋር እያሻሸ፣ የግቢውን መሃል ለማንም ትቶ ይሄዳል። ከመጽሔት ነው የመጣሁት ስል፣ ሽንኩርት ከበው ከተቀመጡት ሴቶች መሃል አሰፋች ብድግ አለች።

«ቧንቧውን ልታዪ ነው የመጣሽው? ወሬው መጽሔት ደረሰ እንዴ?»

«ደረሰ። አሁንም ይነክሳል?»

«ኧረ ሰሞኑን እንደ በግ ሆኗል! መብራት ከጠፋ ጀምሮ...» አለችና አቋረጠች። ዓይኗ ከቧንቧው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ቧንቧው ተመላለሰ። «ውይ! አንቺ፣ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ነው እኮ!»

ምሰሶ እየተዛወረ ነው ተብሎ የእኛም ቢሮ የእነሱም ሰፈር አብሮ ጨልሞ ነው የሰነበተው። ሽቦው ቧንቧው አንገት ላይ ነበር፤ እንደ ማተብ ተጠምጥሞ። ከሥሩ ገንዳዎቹ ተደርድረዋል፣ የድግሱ ሳህንና ብርጭቆ ተከምሯል።

እማማ የሺ ከመጋረጃው ወጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እሱ ነው የላከሽ፣ አይደል?»

«አዎ እማማ!» ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። «እኔ ግን ጴንጤ አይደለሁም! ነገ ጧፌን ይዤ እመጣለሁ!»

ፈገግ አሉ። ወንበር ሳቡልኝ። የካውያዬን ታሪክ በእጄም በአፌም እያደረግኩ ነገርኳቸው። ጣቴን ነክሶኝ ስዘል ሳሳያቸው ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወዲያው ልባቸው የሞቀ መሰለኝና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ወጥቼም ሽቦውን ከቧንቧው ፈትቼ ጠቅልዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«እስኪታይ ድረስ እንዳይመለስ! ነገ ካሴቱ ይቅር! ቃል ይግቡልኝ!»

«እሺ» አሉኝ። «እሺ የኔ ልጅ።»

ከአሰፋች ጋር ግቢው ውስጥ ስናወራ እሳቸው ቁጭ ብለው ጻፉ። ስወጣ ወረቀቱን አራት አጥፈው ሰጡኝ። «ፈቲያ ርቃለች። አንቺው አንስተሽ ላኪልኝ።» ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ዳገቱን እያፏጨሁ ወጣሁ ማለት ይቻላል። ቢሮ ገብቼ ይህን ጽሑፍ ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ «ሦስተኛውን እግር አትናቁ» የሚል ምክር አክዬበት ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁበት።

ምክሩን ሰርዤዋለሁ። ይህንን የምጽፈው ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዘጋጃችን አማኑ ገጹን ለማተሚያ ቤት ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። የእማማ የሺን ወረቀት በስልኬ ላነሳው አሁን ገና ዘረጋሁት።

*

ይድረስ ለልጄ ለያቤፅ፤

በእግዚአብሔር ስም ሰላም እልሃለሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ የእናትህን ነገር ማንሣት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።

የላክሃት ሴትዮ መጣች። ደግ ናት፣ አሳቀችን። ሽቦውን ስትፈታም ዝም አልኳት፤ የሰው እንግዳ አይክፋት ብዬ። ያለ ሽቦው ግን ንቡ ይመለሳል። ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን ሰው በንብ መሃል አላናግረውም፤ ሰዉም ጠርቶ ይስማው። መብራትም ነገ ይመጣል ብለውናል፤ ጥበብ በማለዳ ደረስ ብሎ መልሶ ያስረዋል፤ ማንም እንዳይፈታውም አጥብቆ ያስረዋል። በቧንቧው አታስብ። ሰሞኑን አንድም ሰው አልነከሰም። ጸበሉ ያዘለት።

እኔን እንደሆነ፣ እጄን ቢይዘኝ ይያዘኝ።

ፈቃድህን ባትሰጠኝም ነገ በስምህ ጧፍ አበራለሁ። አንድ ደግሞ ለእናትህ።

አክስትህ የሺ

*

የአሰፋችን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ሰፈሩ መብራት አጥቶ ሰንብቶ የማን ስልክ ባትሪ ይኖረዋል? የጥበብ ይጠራል፤ አያነሳም። ይሄኔ ጸሎቱ አልቆ ሰዉ እየቀመሰ ነው፣ ሴቶቹም እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

«አማኑ፣ ቆይ እስቲ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ከራሴ በላይ ያለው አምፖል ፍም መሰለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ቦግ አለ። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ሰው «እልል! መጣ!» ብሎ አጨበጨበ።

አብሮ የጠፋ አብሮ ይመጣል። ገጹን ለአማኑ ሰጥቼዋለሁ፤ እንዳለ ያትመው። ጧፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ፒንሳዬንም። ታክሲ ካገኘሁ በታክሲ፣ ካላገኘሁ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርጄ ቧንቧው ሥር ማንን ቆሞ፣ ማንን ወድቆ እንዳገኘሁ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ከእናንተ አልሸሽግም። አሁን ግን ልሂድ።